ክር የተሰፋባቸው ገጾች

ባለቤቴ የዓይን ሞራዋ ተገፎላት ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ከመደርደሪያዬ ላይ አንድ ልብ ወለድ አነሣች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ አላለኝም።

በዚህ ቤት አንባቢው እኔ ነኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቀሐ አካባቢ ያለው ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀኝ በዚሁ ነው፤ ለቅሶ ቤት ክርክር ሲነሣ "እስቲ እሱን ጠይቁት፣ እሱ ያነበበ ሰው ነው" ይባላል። እውነት ነው፣ ያነበብሁ ሰው ነኝ። የማነብ ሰው ግን አልነበርሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አልጨረስሁም። እከፍታለሁ፣ ሁለት ገጽ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እጄ ሳላዘው ወደ ስልኬ ይሄዳል። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት እንኳ ወደ መጽሐፍ አልተመለስሁም፤ ቁጭ ብዬ የጠፋውን ኢንተርኔት ስጠብቅ ከረምሁ።

ይህን ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ በብብቴ ሸጉጬ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ፤ ማኪያቶ አዝዤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ፤ ከሰዓት እንደ ተዘጋ ይዤው እመለሳለሁ። ያንኑ አንድ መጽሐፍ አራት ወር ሳመላልስ አስተውሎ "ይህ ነገር አያልቅም እንዴ?" ያለኝ የለም። ወይ አላስተዋሉም፣ ወይ ይሉኝታ ይዟቸዋል።

እሷ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ያደገችው ወገራ ነው። ዳዊት ትደግማለች፤ ትምህርት ቤትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ሄዳለች። ስምንት ዓመት ስለምበልጣት ከተጋባን ጀምሮ "አያ" ነው የምትለኝ። ልብ ወለድ አታነብም ነበር፤ የምነግራት እኔ ነበርሁ። ሥርዓታችን ይህ ነበር። ከሥራ ስመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ እንዝርቷን ይዛ ከፊቴ ትቀመጣለች፤ እኔ ያነበብሁትን አወራላታለሁ። አንዱ መጽሐፍ አንድ ሳምንት፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ይፈጅብናል። ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ስደርስ እንዝርቷ ይቆማል። ያ እንዝርት ሲቆም የሚሰማኝ ኩራት የደረጃ እድገት ሲሰጠኝ እንኳ አልተሰማኝም። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዴ "እስቲ ስጠኝና እኔም ልየው" ትለኝ ነበር። "ምን ያደክምሻል፤ እኔ እነግርሽ የለም እንዴ!" እላታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ አርባ የሚሆን መጽሐፍ ነግሬያታለሁ።

በአዲሱ ዓይኗ ያነሣችው እንግዲህ ከእነዚያ አንዱን ነበር። ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሴትዮዋ የከባድ መኪና ሾፌር አግብታለች፤ ባሏ ወር ሁለት ወር ይጠፋል፤ እሷ ደግሞ በአንዲት ቆላ ከተማ በአንድ የስፌት መኪና ኑሮዋን ትገፋለች። ለባለቤቴ የነገርኋት የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ግድም፣ ትንሿ ልጃችን ድክ ድክ ስትል ነበር።

"ይህን እኮ ነግሬሻለሁ" አልኋት።

"አውቃለሁ አያ። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ሲያወራኝ ልስማው ብዬ ነው።"

"እሱ ማን?"

"መጽሐፉ ነዋ!" አለችና መነጽሯን አስተካክላ ቀጠለች።

መጀመሪያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ዳዊት እንደምትደግመው ታነብ ነበር። ያ አላስጨነቀኝም፤ በዚህ አካሄድ ለገና እንኳ አትጨርሰውም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሯ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ብቻዋን መሣቅ ጀመረች። ሳሎን ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ከጓዳ ሣቋ ይመጣል፤ "ምነው?" ስላት መልስ የለም። አንድ ቀን ስጠራት አልሰማችም። ደግሜ ጠራኋት፣ አሁንም አልሰማችም። በትዳራችን ውስጥ ስጠራት "አቤት" ሳትል የቀረችበት ቀን አላውቅም። ሄጄ ሳያት ምድጃው ላይ የጣደችው ሽሮ አርሮ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል፤ እሷ ከጢሱ መሐል ተቀምጣ ገጽ ትገልጣለች።

ቀናሁ። ስሙን ሌላ ማድረግ አልችልም፤ እርር ድብን አልሁ። በወጣትነቴ ሠርግ ቤት ሰው ሲያያት የምቀና ሰው ነበርሁ፤ በስልሳ ስድስት ዓመቴ ደግሞ በወረቀት ቀናሁ። መጽሐፉ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ያደረግሁላትን በሦስት ሳምንት ነጠቀኝ። ከዚያም ዞሬ በእሷ ቀናሁ። የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው፤ ሐኪም ነክቶት አያውቅም፤ ግን ሁለት ገጽ አይዘልቅም። እሷ ትናንት በተገፈፈ ዓይን ውስጡ ገብታ ጠፍታለች።

ይባስ ብሎ ማውራት ጀመረች። የፊት ለፊቷን ክፍል የተከራየችን አንዲት ነርስ አለች፤ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ይጫወታሉ። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ባለቤቴ ለልጅቱ የልብስ ሰፊዋን ታሪክ ስትነግራት ሰማሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ሳይቀር ነው የምታወራላት። ሴትዮዋ ክሩን በጥርሷ ስትበጥሰው፣ ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ ሲያራግፍ።

"እትዬ፣ እርስዎ ሲያወሩት እኮ ፊልም ነው የሚመስለው!" አለቻት ነርሷ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እሱ ነው እንዲህ ሸጋ አርጎ የጻፈው።"

ለእኔ ወሬ ፊልም ይመስላል ያለኝ ሰው የለም። መጋረጃውን ጎትቼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ገበያ ስትሄድ መጽሐፉን ከትራሷ ሥር አወጣሁት። ስገልጠው አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር አየሁ። በመርፌ ተሰፍቶ ተቋጥሯል። ደሜ ፈላ። እኔ ገጽ ያጠፈ ተማሪ ወላጅ የማስጠራ ሰው ነበርሁ፤ በገዛ ቤቴ መጽሐፍ በመርፌ ይወጋል! ሥራው የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጊዜ አልፈጀብኝም። የብራና መጻሕፍት እንዲህ ናቸው፤ የሚፈለገው ምንባብ ቶሎ እንዲገኝ በገጹ ዳር ባለ ቀለም ክር ይሰፋበታል። አባቷ ቤት ስታይ ያደገችው ይህን ነው። ልትመለስበት የምትፈልገው ቦታ ካለ እርሳስ አይታሰባትም፤ መርፌና ክር ነው የምታመጣው።

ታዲያ ልትመለስበት የፈለገችው ምንድን ነው? ገጹን አነበብሁት። ልብስ ሰፊዋ ሱሪና ኮት ሊያሰፋ የመጣ የአንድ መንገድ ቀያሽ ትከሻ ትለካለች። ሰውየው ረጅም ነው። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ስትዘረጋው ቁጥሩ ይጠፋባታል፤ እንደገና ትለካዋለች፤ ሰውየው ዝም ብሎ ይቆምላታል። ይኸው ነው።

ቁጭ አልሁ። ባለቤቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ቀይ ክር የሰፋችው በዚህ ሰውዬ ትከሻ ላይ ነው! መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ትከሻ አየሁት፤ በወጣትነቴም ቢሆን ጠባብ ነበር። የገረመኝ ደግሞ ቀያሽ የሚባል ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ መኖሩን ፈጽሞ አለማስታወሴ ነው።

ወደፊት ስገልጥ አረንጓዴ ክር፣ ከዚያም ቢጫ ክር አገኘሁ። መርፌዋን ደግሞ አሁን የደረሰችበት ገጽ ላይ ሰክታዋለች። እነዚህም ስለዚሁ ሰውዬ መሆን አለባቸው ብዬ ልጀምር ስል የበሩ ድምፅ ተሰማና መጽሐፉን ወደ ቦታው መለስሁት።

ያን ሰሞን ፍልሰታ ገባ። ባለቤቴ በፍልሰታ ቤት አትውልም፤ ከአራት ሰዓት በፊት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ቅዳሴ ወጥቶ እስክትመለስ አሥር ሰዓት ይሆናል። እኔም ሌላ ጊዜ እሄድ ነበር። ዘንድሮ "ጉልበቴን አሞኛል፣ ዳገቱ አይሆንልኝም" አልኋት። ጉልበቴ ምንም አላለኝም። በጾም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲህ ያለ ውሸት መዋሸቴ አሁንም ይከነክነኛል።

ሐሳቤ ቀያሹን አሳድጄ መያዝ ነበር። ከቀዩ ክር ጀምሬ ወደፊት አነበብሁ፤ ማን ከማን እንደሆነ ጠፋብኝ። ወደኋላ ሄድሁ፣ አሁንም አልገባኝም። በንዴት "እስቲ ከመጀመሪያው!" አልሁና ገጽ አንድ ላይ ተቀመጥሁ።

ያን ቀን የሆነውን በትክክል ልናገር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስልኬ ሳሎን ነው፤ እኔ መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር ነኝ። መጀመሪያ አንዲት ሴት በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የስፌት መኪና አስጭና ሙቀት ወደ በዛበት አገር ስትወርድ አየሁ። ገመዱ ላልቶ መኪናው እንዳይወድቅባት በየፌርማታው ወርዳ ሽቅብ ታያለች። እኔም አብሬያት ሽቅብ አየሁ። በጾም ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ሰዓት የማልቆጥርበት ቀን የለም፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በየሩብ ሰዓቱ ነው ግድግዳውን የማየው። ያን ቀን ቀና ብዬ ሳይ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መራቤን ረስቻለሁ። ሰባ ገጽ ሄጃለሁ። እጄን ዓይኔ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ አልቅሻለሁ ብል ማጋነን ነው፣ ግን ብዙም አልራቀም። ጠፍቷል ብዬ እርሜን ያወጣሁበት ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌባ ሆንሁ። እሷ ከበር ስትወጣ ገና ካፊያው ነጠላዋን ሳይነካው እኔ ትራሷ ሥር ነኝ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጽሐፉን እመልሳለሁ፣ መርፌዋን እሰካለሁ፣ ሳሎን ሄጄ ጉልበቴን እያሸሁ እቀመጣለሁ። እሷ ቀምሳ ካበቃች በኋላ መነጽሯን አድርጋ መጽሐፉን ስታወጣ ዓይኔ ደም ይለብሳል። የእኔ ሰዓት አልቆ የእሷ ጀመረ! እሷ ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ ናት፤ እኔ የማላውቀውን ታውቃለች። ስትተክዝ ምን እንዳስተከዛት መጠየቅ አልችልም። አንድ ጊዜ "የት ደረስሽ?" ብላት፣ "አንተማ ታውቀው የለ!" አለችኝ።

ቀያሹን በተመለከተ በአራተኛው ቀን ልቤ አረፈ። ልብሱን ወስዶ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ሴትዮዋ ልኩን ብቻ ደብተሯ ላይ ትታዋለች። ምንም ያልተደረገበት ነገር ነው፤ ያም ሆኖ ትከሻውን እኔ ራሴ ሳልወድ በግድ በቃሌ ያዝሁት።

አምስተኛው ቀን አረንጓዴው ክር ላይ ደረስሁ። የስፌት መኪናው የሚሰረቅበት ቦታ መቃረቡን አውቄ እየተዘጋጀሁ ነበር። ያን ሌባ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ የበግ ቆዳ ቆብ አድርጎ በጓሮ አጥር ዘሎ ይገባል። ገለጥሁ። ሌባ የለም። ሴትዮዋ እናቷን ልትቀብር አገሯ ሄዳለች፤ ባሏ ከመንገድ ይመለስና የስፌት መኪናውን ከባድ መኪናው ላይ ጭኖ ወስዶ ይሸጠዋል። ስትመጣ ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ ዘይት የፈሰሰበት ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ገጽ የጎደለ መሰለኝ። በሥራዬ ያየሁት ነገር ነው፤ ማተሚያ ቤት አንዳንዴ አንድ እጥፍ ይዘላል። የገጹን ቁጥር በጣቴ ቆጠርሁ፤ ምንም አልጎደለም። ሌባውን ፍለጋ ሃያ ገጽ ወደፊት፣ ሃያ ገጽ ወደኋላ ሄድሁ። ከዚያ ነው ያስታወስሁት። የበግ ቆዳ ቆቡን ያጠለቅሁለት እኔ ነበርሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ እሷ እንዝርቷን አቁማ ስትጠብቀኝ፣ አንድ ባል ሚስቱን እንዲህ አደረገ ብዬ ማውራት አቃተኝ። ሾፌሩን ሳወራ በራሴ ድምፅ ነበር የማወራው። ስለዚህ ሌባ ፈጠርሁ። ቀያሹንም አውጥቼ የጣልሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቴ ፊት የሌላ ሰው ትከሻ ማውራት ያኔም ቢሆን አልሆንልህ አለኝ። ዓመታት ሲያልፉ የራሴን ውሸት መጽሐፉ ነው ብዬ አመንሁት።

ክሮቹ ምን እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ የሰፋችው እኔ የዘለልሁት ቦታ ላይ ነው።

ቢጫውን ለመግለጥ አንድ ቀን ሙሉ ፈራሁ። በማግስቱ ገለጥሁት። ልብስ ሰፊዋ የማታ ትምህርት ተመዝግባ ደብተር ገዝታለች። ባሏ ይመጣና አይቆጣትም፤ ይሥቃል። ከዚያ ደብተሯን ይዞ ወደ መኪናው ይወጣና ገጽ በገጽ እየቀደደ የሞተር ዘይት ይጠርግበታል።

ይህንንም አልነገርኋትም ነበር። ታሪኩን በነገርኋት ዓመት ባለቤቴ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ የማታ ትምህርት ተመዝግባ ነበር። አራት ሰማያዊ ደብተሮች ገዝታ በጋዜጣ ለብዳቸዋለች። እኔ አልቀደድሁም። ያልኋት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ የለመድሁትን። "ምን ያደክምሻል? ልጆቹ ይደጉ፤ ደግሞስ ማንበብ ካማረሽ እኔ እነግርሽ የለም እንዴ!" አልኋት። ደብተሮቹን ትልቁ ልጃችን የሒሳብ የቤት ሥራ እየሠራ ጨረሳቸው።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ መጨረሻው ነበር። እኔ የነገርኋትን አስታውሳለሁ፦ ሾፌሩ ታሞ ይመጣል፤ ሴትዮዋ ይቅር ብላ ታስታምመዋለች፤ ይድናል፤ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ። ይህኛውን ከመጽሐፉ ነው የወሰድሁት ወይስ ከራሴ? ማስታወስ አልቻልሁም። የባለቤቴ መርፌ ከመጨረሻው ሠላሳ ገጽ ቀደም ብሎ ተሰክቷል። ቀድሜያት ማወቅ ነበረብኝ።

ዕለቱ ውኃ የሚመጣበት ቀን ነበር። እኛ ሠፈር ቧንቧ በስንት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ቀን ቤት ያለ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ባለቤቴ ስትወጣ "አደራህን፣ በርሜሎቹን ሙላ፤ ከዚያ ጀሪካኖቹን" አለችኝ። ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። የቧንቧውን ጎማ በርሜሉ ውስጥ ከተትሁና መጽሐፉን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ። መርፌውን አለፍሁት።

ሾፌሩ ታሞ መጣ። አስታመመችው። በማንኪያ አጎረሰችው፣ አጠበችው፣ በእግሩ እስኪቆም ድረስ በትከሻዋ ደግፋ ግቢውን አዞረችው። ያለ ድጋፍ እስከ በሩ ሄዶ በተመለሰ ማግስት ሻንጣዋን አዘጋጀች። ቁርሱን ሠርታ ከደነችለት፤ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሄደች። መጽሐፉ አለቀ።

ልጅ የለም። ይቅርታም የለም፣ ወይም አለ፣ ግን እኔ ያወራሁት ዓይነት አይደለም። የመጣልኝን ሐሳብ ልደብቀው አልችልም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች ልገነጥላቸው አሰብሁ። ያረጀ መጽሐፍ ነው፤ ቅጠል ይወድቃል፤ ማን ያውቃል? ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ የጠበቀ ሰው ጣቶቹን ገጹ ላይ አሳረፈ። ከመገንጠሌ በፊት ግን አንዴ ልድገመው ብዬ ከመርፌው ጀምሬ እንደገና አነበብሁት። ቁርሱን የከደነችበት ቦታ ስደርስ ዓለምን ረሳሁ። እንዴት አድርጎ ጻፈው! አንድ የቁጣ ቃል ሳይናገር እንዴት አስኬዳት! በጻፈው ሰው ቀናሁ፤ በሄደችው ሴት ቀናሁ፤ ይህን ገና ልታነብ ባለች በሚስቴም ቀናሁ።

"አያ።"

ቀና ብል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ ርሷል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

"አያ፣ ግቢው ባሕር ሆኗል እኮ።"

በርሜሉ ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ እንጃ፤ የዝናቡ ድምፅ አሳስቶኝ አልሰማሁም። ወጥተን ስናይ ውኃው ደረጃውን አልፎ የነርሷ ደጃፍ ደርሷል፤ አንደኛው ነጠላ ጫማዋ ይንሳፈፋል። ጀሪካኖቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል፤ ቧንቧው ደግሞ ሄዷል። ባለቤቴ አልጮኸችም። አንድ መጥረጊያ ለእኔ ሰጠችኝ፣ አንድ እሷ ያዘች። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ በብብቴ ነበር።

ጠርገን ስንጨርስ ቀመሰች። ከዚያ ነው የጠየቀችኝ።

"ወደድኸው?"

"ምኑን?"

"አያ፣ ተው እንጂ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ። መርፌዬን እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የምሰካው፤ አንተ ከጎን ነው የምትሰካው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እያነበብህ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ እንደ ዣንጥላ በብብትህ ይዘህ ስትዞር እያየሁ ከርሜ፣ አሁን ስታነብ ላቋርጥህ?"

ማወቋን አላወቅሁም ነበር። እሷ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ መርፌዋ የነበረበትን ገጽ ፈለገች። ቀና ብላ አየችኝ።

"መጨረሻውስ እንዳልኸው ነው?"

አፌን ከፈትሁ። ያን ሁሉ ዘመን የምነግራት እኔ ነበርሁ፤ አሁንም ብነግራት፣ ቀስ አድርጌ ባለዝበው፣ ይሻላት መስሎ ተሰማኝ።

"አንብቢው" አልኋት።

በረንዳው ላይ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ትንሽ ብርሃን ነበር። እኔ በር ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥሁና ፊቷን ማየት ጀመርሁ። ሠላሳ ገጽ ነው። አንዴም ወደ እኔ አላየችም። ሾፌሩን ስታስታምመው ግንባሯን ቋጠረች፤ ሻንጣው ላይ ስትደርስ ይመስለኛል፣ እጇ ወደ አፏ ሄደ። መጽሐፉን ዘጋች።

"ሄደች" አለች።

"ሄደች" አልሁ።

"አንተ አስቀርተሃት ነበር። ልጅ ሁሉ አስወልደሃታል።"

"አዎ።"

"ስም እንኳ አውጥተህለት ነበር።"

እሱንስ ረስቼው ነበር።

"ይህን ብሰማ ጥዬህ የምሄድ መስሎህ ነበር?" አለችኝ።

"እንጃ። መስሎኝ ይሆናል።"

"አልሄድም ነበር" አለች። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። "የማታ ትምህርት ግን እገባ ነበር።"

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። "አጥፍቻለሁ" አልኋት፣ ድምፄ ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ተነሥታ ወደ ሳሎን ገባች። መደርደሪያው ፊት ቆማ ጣቷን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ አሳለፈች።

"ከእነዚህስ የትኞቹን ነው የለወጥኻቸው?"

"አላስታውስም" አልሁ። እግዜር ያውቃል፣ እውነቴን ነው። አንዷን መዘዘችና ይዛት ወጣች።

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ተራ ገብተናል። ጠዋት የእሷ ነው፣ ከሰዓት የእኔ። ጉልበቴ ደህና ሆኗል፤ ወደ ፒያሳ የምወጣው ግን ከስንት አንዴ ነው። ሁለተኛውን ጨርሰን ሦስተኛው ላይ ነን፤ እንደ ድሮው አነባለሁ፣ ከድሮውም ብሶብኝ፤ ግን ሁልጊዜ ስልሳ ገጽ ትቀድመኛለች። ልቀድማት ሞክሬ አልቻልሁም። በሁለተኛው ሁለት ቦታ ሰፍታለች፤ ሁለቱንም ሳያቸው አፈርሁ።

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ እያነበበች ድንገት አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። "ምነው?" አልኋት፤ "ኧረ ምንም" አለችና ሣቅ አለች። ከዚያ እጇን ወደ ክሯ ሰደደች። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለች አላውቅም፤ ያኔ ሳወራላት ምን እንደለወጥሁበትም አላውቅም። ተራዬ እስኪደርስ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረኛል።